በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር? ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ የምንማር አራት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። በትንሽ ቤንዚን ረጅም መንገድ የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ቀላል ተሽከርካሪ በራሳችን ሠርተን ወደፊት ሼል ኢኮ-ማራቶን ላይ መወዳደር እንፈልጋለን። ገንዘባችን ትንሽ ነው። አሁን ያልተስማማነው በሞተሩ ላይ ነው። የሣር ማጨጃ ሞተር እንግዛ ወይስ ከሞተር ብስክሌት እንፍታ? ከገዛነው በኋላስ እንዴት እናሻሽለው?»

መጀመሪያ እሰይ ልበላችሁ። ጥያቄያችሁ አስደስቶኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ስለ ሞተሩ የጠየቃችሁኝንም እመልሳለሁ፤ ግን ወደ መጨረሻው። ለአሁኑ ሞተሩን ተዉት፤ ገንዘቡንም ያዙት። ከእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ጋር ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ጊዜውም ገንዘቡም ሞተር ላይ ያልቃል። ጎማው፣ መሪውና ፍሬኑ በመጨረሻው ሳምንት በጥድፊያ ይገጠማሉ። ከዚያ ተሽከርካሪው በእጅ ሲገፋ እንኳ ይከብዳል። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ሞተር አያድነውም።

የውድድሩ ታሪክ ራሱ ይህንን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1939 ኢሊኖይ ውስጥ ዉድ ሪቨር በሚባል ቦታ የሼል ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች «በአንድ ጋሎን ማን ሩቅ ይሄዳል?» ብለው ተወራረዱ። ያሸነፈው በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። በ1973 እዚያው ውድድር ላይ በ1959 የተሠራ አንድ ኦፔል መኪና፣ ከላይ እስከ ታች ተቀይሮ፣ በጋሎን 376.59 ማይል ሄደ። በሊትር 160 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በ1985 ውድድሩ ፈረንሳይ ገባና አሁን የምናውቀውን የተማሪዎች ውድድር መልክ ያዘ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ዙሪክ ከሚገኘው የኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች ፓክ-ካር 2 በተባለ ተሽከርካሪያቸው ከአንድ ሊትር ቤንዚን ጋር በሚመጣጠን ሃይድሮጅን 5,385 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ውጤት አስመዘገቡ።

ሰው ስለ ፓክ-ካር ሲያወራ የሚያነሣው ፊውል ሴሉን፣ ማለትም ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ፣ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ተሽከርካሪው 29 ኪሎ ብቻ ነበር። ከፊት ሲታይ ስፋቱ ሩብ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የአየር መቋቋም ኮኤፊሸንቱ (ቅርጹ አየርን ምን ያህል እንደሚታገል የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ ይሻላል) 0.075 ነበር። የዛሬ የቤት መኪና 0.25 ከደረሰ እሰየው ይባልለታል። ማለትም መጀመሪያ ምንም የማይጎትተው አካል ሠሩ፤ ከዚያ ያንን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ኃይል ፈለጉ።

አሁን የእናንተን እናስላ። ተሽከርካሪው 45 ኪሎ፣ ሾፌሩ 55 ኪሎ ይሁን፤ ድምሩ 100። የሚጠየቀው አማካይ ፍጥነት እንደ ውድድር ሜዳው ይለያያል፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ያዙት። በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነው።

በጠፍጣፋ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ስትሄዱ የሚይዛችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ጎማና አየር። ደህና የብስክሌት ጎማ የመንከባለል ተቃውሞው 0.005 አካባቢ ነው፤ ከሚሸከመው ክብደት ግማሽ በመቶ ያህሉ ወደኋላ ይጎትታል ማለት ነው። በ100 ኪሎ ላይ 4.9 ኒውተን ይሆናል። ጥሩ ሽፋን ካላችሁ የአየሩ ድርሻ 1.5 ኒውተን ገደማ ነው። ድምሩ 6.4 ኒውተን። በ7 ሜትር በሰከንድ ስታባዙት 45 ዋት ይመጣል። ከድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ያነሰ ኃይል ነው። አንድን ሰው ከነተሽከርካሪው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመውሰድ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6,400 ጁል ትፈልጋላችሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 32 ሚሊዮን ጁል አለ። ሞተራችሁና ሰንሰለታችሁ ተደምረው ከዚያ 20 በመቶውን ጎማ ላይ ካደረሱ በሊትር 1,000 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 200 ወይም 300 ካገኛችሁ በጣም ደስ ይበላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አስተውሉ። ሞተሩን ከ20 ወደ 22 በመቶ ማሳደግ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ትርፉ 10 በመቶ ነው። የመንከባለል ተቃውሞውን ከ0.005 ወደ 0.0025 ብታወርዱት ግን ያው 1,000 ኪሎ ሜትር ከ1,600 ያልፋል። አንድም ቡሎን ሞተሩ ላይ ሳትነኩ። ክብደትስ? 10 ኪሎ መቀነስ 8 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ከጎማው ያንሳል። ብዙ ሰው ክብደት የሚጎዳው ፍጥነት ለመጨመር ስለሚከብድ ይመስለዋል። እዚህ ውድድር ላይ እንደዚያ አይደለም። ለፍጥነት ያወጣችሁትን ጉልበት፣ ፍሬን ካልያዛችሁ፣ ሲንሸራተት መልሶ ይሰጣችኋል። ክብደት የሚያስከፍላችሁ ጎማው ላይ ነው።

ስለዚህ ከጎማ እንጀምር። ለዚህ ውድድር ተብለው የተሠሩ የሚሽለን ጎማዎች አሉ፤ ተቃውሟቸው ወደ 0.001 ይጠጋል። ለመጀመሪያው ተሽከርካሪ አያስፈልጓችሁም። መጀመሪያ በተራ ጎማ ተማሩ። ባለ 20 ኢንች፣ ቀጭን፣ ጥርስ የሌለው ለስላሳ የብስክሌት ጎማ ፈልጉ። የቢኤምኤክስ ጥርሳም ጎማ አትግዙ፤ ጥርሱ በተጨፈለቀ ቁጥር ጉልበት ይበላል። ንፋሱን ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ልክ ድረስ ሙሉት። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ በተለይ ቸርኬው አሮጌ ከሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብስክሌት ሲታጠፍ ወደ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ጎማው ከጎን የሚመጣ ጫና ብዙ አያውቅም። የእናንተ ባለ ሦስት ጎማ አያዘነብልም። መታጠፊያ ላይ ሙሉ ጫናው ቸርኬውን ከጎን ይገፋዋል። ትልቅ ባለ 26 ወይም 28 ኢንች ጎማ የቸርኬ ሽቦው ደካማ ከሆነ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል። 20 ኢንች የመከርኳችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ችግር የፊት ጎማዎቹ አያያዝ ነው። የብስክሌት ጎማ በሁለት በኩል ይያዛል። የእናንተ የፊት ጎማዎች ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያዙት። የብስክሌት ቀጭን አክስል ለዚህ አልተሠራም፤ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ትልቁን የዊልቸር ጎማ እዩት። ከመሠረቱ በአንድ በኩል እንዲያዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኩሽኔታው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አክስል ይቀበላል። ያረጀ ዊልቸር ካገኛችሁ መሃሉን ፍቱና በ20 ኢንች ቸርኬ አስገጥሙት። ካላገኛችሁ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ባለ 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር አክስልና ለእሱ የሚሆን የጎማ እምብርት አስቆርጡ። ኩሽኔታው ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ራሱ ይፋተጋል። በጣቶቻችሁ አዙራችሁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ለውድድር ቀን ማሸጊያውን አንሥቶ፣ ወፍራሙን ግራሶ አጥቦ በቀጭን ዘይት መተካት የተለመደ ነው። ለልምምድ ግን እንዳለ ይሁን፤ አቧራ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፤ የጎማ አሰላለፍ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው። አንዱ በ1 ዲግሪ ብቻ ከተዛነፈ ጎማው እየተንከባለለ ሳይሆን በከፊል እየተጎተተ ነው የሚሄደው። በጎማው ዳር ሲለካ 1 ዲግሪ ማለት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን ብዙ አያስታውቅም።

እንዲህ ለኩት። ሾፌሩ ገብቶ ይተኛ። ባዶውን ብትለኩት ዋጋ የለውም፤ ሰው ሲገባ ቻሲሱ ይለመጥና ጎማዎቹ ቦታ ይቀይራሉ። መሪው ቀጥ ይበል። በሁለቱም ቸርኬዎች የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ በአክስሉ ከፍታ ልክ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉት። ከዚያ ተሽከርካሪውን ቀስ ብላችሁ ወደፊት ግፉት፤ ያው ምልክት ዞሮ ከኋላ በኩል በአክስሉ ከፍታ እስኪመጣ። እንደገና ለኩ። ምልክቱን ተከትላችሁ ከለካችሁ የቸርኬው ጠማማነት አያሳስታችሁም። የሁለቱ ልኬት ልዩነት ከ1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለዚህ ሲባል መሪውን ከጎማዎቹ የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለውና የሚስተካከል ይሁን። በብየዳ ካሰራችሁት ማስተካከያ አይኖራችሁም።

መታጠፊያ ላይ ደግሞ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት። ከእያንዳንዱ የፊት ጎማ የሚወጣው የመሪ ክንድ በመስመር ቢቀጥል የኋላ ጎማው አክስል መሃል ላይ እንዲገናኝ አድርጉ። በካርቶን ላይ በሙሉ ልክ ሣሉት።

ይህን ሁሉ ስትጨርሱ ሞተር የሌለው፣ ግን የሚንከባለል ነገር ይኖራችኋል። አሁን ፈትኑት። የሻንጣ መመዘኛ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወይም ለስላሳ ሲሚንቶ ወለል ፈልጉ። ሾፌሩ ይግባ፤ ገመድ እሰሩና ሚዛኑን ይዛችሁ በዝግታ፣ በእኩል ፍጥነት ጎትቱት። ሚዛኑ ስንት ይላል? ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ጎትታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ወለሉ ዘንበል ያለ ሊሆን ይችላል። በ100 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት ላይ ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ካለ ተቃውሟችሁ 0.005 ነው። አንድ ኪሎ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ አሰላለፉ ነው፣ ወይም ፍሬኑ ሳታውቁት ይነካል። ከዚያ ንፋስ ቀይሩ፣ አሰላለፍ ቀይሩ፣ እንደገና ጎትቱ። ይህ ሚዛን ከማንኛውም የሞተር መሣሪያ የበለጠ ያስተምራችኋል።

ስለ ቻሲሱ አጠር ላድርገው። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ ኃይሉ ለኋላው። ሾፌሩ በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ወደፊት ይሁን። በጭንቅላት ቀድሞ መተኛት በሕጉ ክልክል ነው። ብረቱ ትንሽ ቱቦላሬ ይሁን። 20 በ20 ሆኖ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው በሜትር 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። 25 በ25 ሆኖ 1.5 የሆነው ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ስምንት ሜትር ብትጠቀሙ ልዩነቱ 4 ኪሎ ይሆናል። ችግሩ ቀጭኑን ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ሲበይዱት መበሳቱ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን ብረት የለመደ በያጅ ፈልጉ። ለኋላው ጎማ ያረጀ የብስክሌት ፍሬም የኋላ ክፍሉን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። የጎማውን ቦታና የሰንሰለቱን መስመር ፋብሪካ አስተካክሎታል፤ እናንተ አትልፉ።

በነገራችን ላይ ከብስክሌት ዕቃ መኪና መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ፈረንሳይና እንግሊዝ ውስጥ ሳይክልካር የሚባሉ ከ350 ኪሎ የማይበልጡ መኪኖች በየጋራዡ ይሠሩ ነበር። ቤዴሊያ የተባለው ሾፌሩ ከኋላ፣ ተሳፋሪው ከፊት ይቀመጡበት ነበር፤ ኃይሉ የሚተላለፈው በቺንጋ፣ መሪው የሚዞረው በሽቦ ገመድ ነው። በ1922 ርካሹ ኦስቲን ሰቨን ሲመጣ ገበያቸው ጠፋ። ፎቶዎቻቸውን ፈልጋችሁ እዩ። መሪ እንዴት በቀላሉ እንደሚሠራ ብዙ ሐሳብ ታገኛላችሁ።

ሽፋኑን «በኋላ ውበት እንጨምርለታለን» አትበሉ። ያለ ሽፋን የተጋደመ ሰውና ክፍት ጎማዎች በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ 10 ኒውተን ያህል አየር ይጎትታሉ። በደህና ሽፋን 1.5 ይሆናል። ፋይበርግላስ ውድ ከሆነባችሁ በቀርከሃ አጽም ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ወጥራችሁ ጀምሩ። ቅርጹ ከፊት ክብ፣ ከኋላ እየሾለ የሚሄድ ጠብታ ይሁን። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የኋላው ጭራ ነው። ሰው ፊቱን ያሾልና ኋላውን በድንገት ይቆርጠዋል፤ አየሩ እዚያ ተበታትኖ ወደኋላ ይስበዋል። የፊት ጎማዎቹንም ሸፍኑ፤ የሚሽከረከር የቸርኬ ሽቦ አየር ያምሳል።

አሁን ሞተሩ። የሣር ማጨጃውን ግዙ፤ ባለ አራት ስትሮክ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ቤንዚንና ዘይት የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ስትሮክ በውድድሩ ሕግ አይፈቀድም። ሆንዳ ጂኤክስ35 ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ነው። 35.8 ሲሲ፣ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል፣ 3.5 ኪሎ ገደማ ክብደት። የሞተር ብስክሌት ሞተር ከነካምቢዮው ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይትና ጥርሱም ያንን የምታውቁትን 45 ዋት ሊበላው ይችላል። ጃፓን ውስጥ ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሚያዘጋጀው ውድድር ቡድኖች በሞተር ብስክሌት ባለ 50 ሲሲ ሞተር ድንቅ ውጤት ያመጣሉ፤ ግን ሞተሩን እንደ አዲስ እየሠሩት ነው።

1 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ሞተር ይዛችሁ የምትፈልጉት 45 ዋት ነው። ነዳጁን ቀንሳችሁ በ45 ዋት ብታስኬዱት ቤንዚኑ አብዛኛው የሚያልቀው ሞተሩን ራሱን በማዞርና በተዘጋው የካርቡራተር በር በኩል አየር በመሳብ ነው። ውጤታማነቱ እጅግ ይወርዳል። መፍትሔው ሞተሩን በሙሉ ጉልበት ለአጭር ጊዜ አስነሥቶ ማጥፋት ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ላይ አስነሡት፤ 32 ሲደርስ አጥፉት። የጎማው ኃይል 700 ዋት ከሆነ ይህ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ጸጥ ብሎ 400 ሜትር ያህል፣ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ይንሸራተታል። እንደገና 18 ሲደርስ አስነሡት። አማካዩ 25 ይመጣል።

ይህ እንዲሠራ ሲንሸራተት ሞተሩም ሰንሰለቱም መቆም አለባቸው። የብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ ያለው ወደፊት ብቻ የሚይዘው ጥርስ ይህንን በነፃ ይሠራላችኋል፤ ቦታው እዚያው ጎማው ላይ ይሁን። ሞተሩ በገመድ እየተጎተተ የሚነሣ ከሆነ ተጋድሞ ለሚነዳ ሰው አይመችም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ግጠሙለት። ማስነሻው ግን ተሽከርካሪውን መግፋት የለበትም፤ ሞተሩን ብቻ ያዙር።

የሰንሰለቱን ማባዣ እንዲህ አስሉ። ባለ 20 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 1.5 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ በደቂቃ 280 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሞተሩ በ5,000 ዙር አካባቢ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ 18 ለ1 ያስፈልጋችኋል። በአንድ ደረጃ አይሆንም። ሁለት ጊዜ 11 ጥርስ በ47 ጥርስ ብታደርጉት ከ18 ትንሽ በላይ ይመጣል።

ማሻሻያውን ደግሞ ከቀላሉ ጀምሩ። ሞተሩ ተነሥቶ ስለሚጠፋ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ያባክናል። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት አሙቁት፤ ዙሪያውንም ከነፋስ ከልሉት፤ የሙቀት መለኪያ ግን ይኑረው። ቀጥሎ የካርቡራተሩ ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፣ ይምጣ። ኮምፕሬሽን መጨመርና ኤሌክትሮኒክ ኢንጄክሽን የሁለተኛ ዓመት ሥራ ነው።

ጂግለሩ ላይ አዲስ አበባ መሆናችሁ ለውጥ ያመጣል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለሽፋኑ ጥሩ ነው፤ የአየር ተቃውሞው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተሩም ግን ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለቀጭኑ አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላውን ፍቱና እዩት፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ምክንያቱ ይህ ነው። አነስ ያለ ጂግለር አስገቡ። በተቃራኒው ደግሞ እዚህ ያስተካከላችሁትን ሞተር ሳትቀይሩ ባሕር ዳርቻ ላለ ውድድር ብትወስዱት ቤንዚን ያጥረዋል፤ ከመጠን በላይ ይግላል። ሁለት ሦስት ጂግለር ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ያገኛችሁትን የኪሎ ሜትር ቁጥርም ዝቅተኛ ቦታ ላይ አትጠብቁት።

ፍጆታችሁን በሊትር ሳይሆን በግራም ለኩ። የምትለኩት ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ቤንዚን ደግሞ በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ይዘቱ 1 በመቶ ገደማ ይለወጣል። የቤንዚን ዕቃውን ከነቤንዚኑ በዲጂታል ሚዛን መዝኑ፣ ንዱ፣ እንደገና መዝኑ። ሚዛኑ የግራም አንድ አስረኛ የሚያሳይ ይሁን። 15 ግራም ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ዙር ንዱና አማካዩን ውሰዱ። አንድ ጥሩ ዙር ብቻ ይዛችሁ ሻምፓኝ አትክፈቱ፤ ምናልባት ነፋስ ከኋላ ገፍቷችሁ ይሆናል።

ሕጉን አሁኑኑ አውርዳችሁ አንብቡ፤ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የምትወዳደሩበትን ዓመት ያዙ። እንደ እናንተ ያለው ቀላል ተሽከርካሪ በሚገባበት በፕሮቶታይፕ ዘርፍ ለዓመታት የቆዩት ዋና ዋና ልኮች እነዚህ ናቸው፦ ቁመት ከ1 ሜትር በታች፣ ርዝመት እስከ 3.5 ሜትር፣ ስፋት እስከ 1.3 ሜትር። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር። ያለ ሾፌር ከ140 ኪሎ አይብለጥ። ሾፌሩ ከ50 ኪሎ አይነስ፤ ካነሰ ክብደት ይጫናል። ስለዚህ ከአራታችሁ ቀለል የሚለው ወይም የምትለው ትንዳ፤ ተስማሙና ቻሲሱን በዚያ ሰው ልክ ሥሩት።

የደኅንነቱ ክፍል ላይ ግን ከሕጉም በላይ ጥብቅ ሁኑ። ሾፌራችሁ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተኝቶ ከራሱ ጀርባ ቤንዚንና ትኩስ ሞተር አለ። በመካከላቸው እሳት የማያሳልፍ ሙሉ ግድግዳ ይኑር፤ ለገመድ የተበሳ ቀዳዳ እንኳ ይደፈን። ከሄልሜቱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መከላከያ ቀስት ይበየድ። አምስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ ይገጠም። ሁለት ለየብቻ የሚሠሩ ፍሬኖች ይኑሩ። ፍተሻው ላይ ተሽከርካሪው 20 በመቶ ዳገት ላይ ቆሞ ፍሬኑ መያዝ አለበት። ሾፌሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ችሎ መውጣት አለበት። ይህንን ሞተር ሳይገጠም ጀምራችሁ ተለማመዱት፤ ቀበቶ ታስሮ፣ ሄልሜት ተደርጎ፣ ሰዓት ተይዞ። ብዙ ቆንጆ ሽፋን እዚህ ላይ ነው ተቆርጦ የሚሠራው። በሩ ከውጭም መከፈት አለበት። እሳት ማጥፊያ ሁልጊዜ አጠገባችሁ ይኑር፤ አጠቃቀሙን አራታችሁም እወቁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር፦ አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር አትፈትኑት። ቁመቱ ከ1 ሜትር በታች ነው። የሲኖትራክ ሾፌር ከላይ ሆኖ ሊያያችሁ አይችልም። የግቢያችሁን አስተዳደር ጠይቁና እሑድ ጠዋት የውስጥ መንገዱን አዘግታችሁ ሞክሩ። መግቢያና መውጫው ላይ ሰው ይቁም።

ያላችሁን ገንዘብ በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት፦ መጀመሪያ ጎማ፣ አክስልና ኩሽኔታ፤ ከዚያ ቻሲስ፣ መሪና ፍሬን፤ ከዚያ ቀበቶና ሄልሜት፤ ከዚያ ሽፋን፤ ሞተሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ። ሚዛኑን ይዛችሁ መጀመሪያ የጎተታችሁ ዕለት ያነበባችሁትን ቁጥር ከነጠቅላላ ክብደቱ ጻፉልኝ። ተቃውሞው ከ0.007 በላይ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ሁለት ልኬትም ጨምሩበት፤ የት እንደሚያዝ አብረን እንፈልገዋለን።